የጭነት አውሮፕላን አብራሪነት የሥራ ቃለ መጠይቅ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው ለሚወዳደሩ አመልካቾች የቀረበ ትንታኔ

የአየር ጭነት ማጓጓዝ በአገራችን በፍጥነት እያደገ የመጣ ዘርፍ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን በመረከብ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለተኛውን የጭነት ተርሚናል በቦሌ ሥራ ሲያስጀምር በዓመት የማስተናገድ አቅሙ ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የመንገደኞችን ጉዞ በገታ ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጭምር ለጭነት ውለዋል፤ በዚያው ዓመት የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሰብዓዊ ዕርዳታ የአየር ማዕከል በቦሌ ከፍቷል። አየር መንገዱ እስከ እ.ኤ.አ. 2035 ድረስ የአውሮፕላኖቹን ቁጥር 271 ለማድረስ አቅዷል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያም ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተነደፈ ነው።

እነዚህ አኃዞች በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ ለሚኖር ወጣትና ለቤተሰቡ ምን ትርጉም አላቸው? የአውሮፕላን ቁጥር ሲጨምር የአብራሪ ፍላጎትም እንደሚጨምር አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በማስታወቂያውና በአብራሪው ወንበር መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ቃለ መጠይቁም የዚህ መንገድ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብዙ አመልካቾች ከመጠይቁ ክፍል ሳይደርሱ የሚቀሩት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በሰነድ ስሕተት፣ ሳይመረመር በቆየ የዓይን ሕመም ወይም በተሳሳተ መረጃ ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ግንዛቤ ሊስተካከል ይገባል። «የጭነት አብራሪ» የሚባል የተለየ የሙያ ፈቃድ የለም። ቦይንግ 777 የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያበር ሰውና የዚሁ ዓይነት የጭነት አውሮፕላን የሚያበር ሰው የያዙት ፈቃድ አንድ ዓይነት ነው፤ የአብራሪው ክፍልም እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱ ያለው በሥራው ጠባይ ላይ ነው፦ የሌሊት በረራ ይበዛል፣ ከኋላ የሚጫነው ዕቃ በየጊዜው ይለያያል፣ አደገኛ ዕቃዎች በብዛት ይጓጓዛሉ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ የመጀመሪያውን የጭስ ሽታ አሽትቶ የሚጠራ የበረራ አስተናጋጅም ከኋላ የለም። ስለዚህ የጭነት በረራ ጠያቂዎች ከአጠቃላይ የአብራሪነት ዕውቀት ባሻገር የሚፈትኑት እነዚህን ነጥቦች ነው።

ወደ ቃለ መጠይቁ የሚያደርሱ መንገዶች

ከምዕራብ ጎጃም ለሚነሣ ወጣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በኩል ለሠልጣኝ አብራሪነት በሚያወጣው ማስታወቂያ መወዳደር ነው፤ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሲያሠለጥን የቆየ ነው። ሁለተኛው በግል የበረራ ማሠልጠኛ ከፍሎ ተምሮ፣ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አውጥቶ ለቅጥር መወዳደር ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚጠየቀው ሰው ገና አውሮፕላን ያልነካ ስለሆነ ጠያቂዎቹ የሚመዝኑት የመማር ችሎታውን፣ ጠባዩንና መሠረታዊ የፊዚክስና የሒሳብ ዕውቀቱን ነው። በሁለተኛው መንገድ የሚመጣው ግን ባለፈቃድ ስለሆነ በቀጥታ በሙያው ይፈተናል።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜ ቢያንስ 18 ዓመት፣ የበረራ ልምድ ደግሞ 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደ ተከታታይ ሥልጠና ውስጥ ላለፈ ሰው ወደ 150 ሰዓት ዝቅ ይላል። ትልቅ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት ለመምራት የሚያበቃው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው በግል ማሠልጠኛ 200 ሰዓት አብርሮ የወጣ ወጣት ፈቃድ ቢኖረውም በሥራ ገበያው ገና ጀማሪ መሆኑን ነው። ቤተሰብ የባሕር ዛፉን ሸጦ፣ መሬቱን ለዓመታት አከራይቶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ልጁን ለማሠልጠን ሲወስን ይህን አውቆ ሊወስን ይገባል። የምስክር ወረቀቱ ለውድድር ያበቃል እንጂ ቅጥርን አያረጋግጥም። በእኛ ግምት አቅሙ ውሱን ለሆነ ቤተሰብ የመጀመሪያው መንገድ፣ ውድድሩ የበዛ ቢሆንም፣ ኪሳራው የቀነሰ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የሚጀምረው ከትምህርት ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በአዲስ መልክ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአብራሪነት ዝግጅት ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን የሚጀመር እንዳልሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። የዕድሜ፣ የቁመት፣ የክብደትና የትምህርት መስክ መስፈርቶች በየማስታወቂያው ሊለዋወጡ ስለሚችሉ አመልካቹ በወሬ ወይም በቆየ ማስታወቂያ ሳይሆን በወቅቱ በወጣው ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ማመልከት አለበት።

ሰነድ፦ ትንሽ የሚመስል ትልቅ እንቅፋት

በገጠር ያደገ ወጣት ሰነዶቹን ያወጣው በተለያየ ጊዜና ቦታ ነው። የክርስትና ወይም የልደት ማስረጃው አንድ ቀን፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ቀን፣ መታወቂያው ሦስተኛ ቀን ይዞ ይገኛል። ስሙም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋር በሁለት «ኤስ»፣ ሌላው ጋር በአንድ ሆኖ ይቀርባል። በሌላ ሥራ ላይ ይህ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ በአቪዬሽን ግን የአብራሪ ፈቃድ፣ የጤና ሰርተፍኬትና ፓስፖርት በዓለም ሁሉ የሚመረመሩ ስለሆኑ ልዩነቱ አይታለፍም።

ዋናው የስሕተት ምንጭ የቀን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲቀይር 7 ዓመት ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ደግሞ 8 ዓመት። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ አመልካች ልደቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2004 ሲሆን፣ ሐምሌ 2 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደው ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2005 ነው። ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱን ብቻ የሚቀይር ሰው ትክክለኛ ያልሆነ ልደት ይጽፋል፤ የዕድሜ ጣሪያ ባለበት ውድድርም በአንድ ዓመት ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። በመሆኑም አመልካቹ በቀበሌው ከሚሰጠው የልደት ምዝገባ ጀምሮ የፋይዳ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃዎቹንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት ካለ ማስታወቂያ ሳይወጣ ሊያስተካክል ይገባል። ማስታወቂያ ሲወጣ የምዝገባው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት መመላለስ አይቻልም።

የጤና ምርመራ፣ በተለይም ዓይን

ለንግድ አብራሪነት የሚጠየቀው አንደኛ ደረጃ የጤና ሰርተፍኬት ነው። «መነጽር ያደረገ አብራሪ መሆን አይችልም» የሚለው አባባል በአካባቢው በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን ዓለም አቀፉ መመዘኛ እንዲህ አይልም። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ በአንድነት 6/6 ማየት ከቻሉ በመነጽርም ቢሆን ይፈቅዳል። ቀጣሪው ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል ማስታወቂያውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ መነጽር ስላደረገ ብቻ ሳያመለክት የሚቀር ወጣት ግን ዕድሉን በከንቱ ያባክናል።

የአማራ ክልል በትራኮማ ሕመም ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በልጅነቱ ዓይኑን ደጋግሞ የታመመና የዓይኑ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን የሚወጋው ሰው በጊዜ ካልታከመ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ይህ በመጨረሻው የሕክምና ምርመራ ከሚታወቅ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ይሻላል። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም ይሁን በባሕር ዳር ባሉ የዓይን ሕክምና ተቋማት ስለ ብሌን ጤንነት፣ ስለ ዕይታ መጠንና ስለ ቀለም መለየት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰው ይህን ሳያውቀው ሊያድግ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን በቤት ውስጥ ኑሮ የሚያስከትለው ችግር እምብዛም ስለሆነ ሳይስተዋል ይቀራል። ለሥልጠና ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የዓይን ምርመራ መደረጉ ግዴታ ባይሆንም ግዴታ ያህል ነው።

እንግሊዝኛ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአብራሪዎችን የቋንቋ ችሎታ በ6 ደረጃዎች ይከፍላል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ያስፈልጋል። የሚመዘኑት ስድስት ነገሮች ናቸው፦ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ክምችት፣ ሳይቆራረጡ መናገር፣ መረዳትና መልስ መለዋወጥ። የፈረንጅ አነጋገር መኮረጅ ከእነዚህ ውስጥ የለም። የጎጃም አነጋገር ያለው እንግሊዝኛ ለአድማጭ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ነጥብ አያስቀንስም። ነጥብ የሚያስቀንሰው ያልገባውን ጥያቄ እንደገባው አድርጎ መመለስ ነው። በሬዲዮ ያልሰማውን መመሪያ «ሰምቻለሁ» የሚል አብራሪ አደጋ ስለሚያስከትል ጠያቂዎችም ይህን ጠባይ ይከታተላሉ። «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት በዚህ ሙያ የድክመት ምልክት አይደለም።

ለልምምድ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ተቆጣጣሪ፣ ሌላው አብራሪ ሆነው ቁጥርና አቅጣጫ እየተለዋወጡ፣ የተሰማውን ቃል በቃል መልሶ መናገርን ቢለማመዱ በአንድ ክረምት ብዙ ይሻሻላሉ። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ የሚሄደውን የሬዲዮ ፊደልም በቃል መያዝ ይጠቅማል።

ጭነት፦ አህያ የጫነ ሰው የሚያውቀው ነገር

የጭነት በረራ ጠያቂ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች ዋነኛው ክብደትና ሚዛን ነው። ይህ ጉዳይ ለገጠር ልጅ ባዕድ አይደለም። ወደ ቡሬ ገበያ በርበሬ ወይም በቆሎ የጫነ ሰው የአንዱ ጎን ጆንያ ከሌላው ከከበደ ጭነቱ እንደሚያጋድል፣ መጫኛው ከላላ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት ያውቃል። በአውሮፕላንም ጥያቄው ምን ያህል ተጫነ የሚለው ብቻ አይደለም፤ የት ተጫነ፣ በምን ታሰረ የሚለውም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 60,000 ኪሎ ግራም በሆነ አውሮፕላን ላይ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ 2,000 በ5 ተባዝቶ ለ60,000 ሲካፈል የስበት ማዕከሉ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚፈቀደው ወሰን ጠባብ ስለሆነ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። አመልካቹ ይህን ያለ ካልኩሌተር፣ ድምፁን አሰምቶ፣ ደረጃ በደረጃ ማስላት ቢለማመድ ጠያቂው መልሱን ብቻ ሳይሆን አስተሳሰቡንም ያያል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚጠየቅ ሌላ ስሌት የመውረጃ ርቀት ነው፦ ለ1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል በሚለው የተለመደ መነሻ ከ35,000 ጫማ ወደ 5,000 ጫማ ለመውረድ 90 የባሕር ማይል ያህል ያስፈልጋል።

ስለ ጭነት መታሰር ሲነሣ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2013 በአፍጋኒስታን ባግራም የወደቀው የናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ነው። ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጭኖ ሲነሣ ቢያንስ አንዱ ተሽከርካሪ ከማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ 7ቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ብዙ ሰው አውሮፕላኑ የወደቀው ሚዛኑ ወደ ኋላ ስላደላ ብቻ ይመስለዋል። የምርመራው ድምዳሜ ግን የተንሸራተተው ተሽከርካሪ የሃይድሮሊክ መስመሮችንና የጭራ ክንፉን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ በመጉዳቱ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ የሚል ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ልዩነት የሚያውቅ አመልካች ጉዳዩን ከወሬ ሳይሆን ከጥናት እንዳወቀው ያሳያል።

አደገኛ ዕቃዎችም ሰፊ ክፍል ናቸው። በ9 ምድቦች የተከፈሉ ሲሆን የሊቲየም ባትሪ በ9ኛው ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን ብዛት ያላቸው የሊቲየም ባትሪዎች ካሉበት ጭነት በተነሣ እሳት ሳቢያ ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል፤ ጭሱ መሣሪያዎቹን ማየት እስኪሳናቸው ድረስ የአብራሪውን ክፍል ሞልቶት ነበር። ከዚህ የሚነሣው የተለመደ ጥያቄ «የጭስ ማስጠንቀቂያ ቢሰሙ በመጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ነው። መልሱ የሚጀምረው ከጭነቱ ሳይሆን ከራስ ነው፤ የኦክስጅን ጭንብል ያላደረገ አብራሪ ሌላውን ሁሉ መፈጸም አይችልም። ቀጥሎ አውሮፕላኑን መቆጣጠር፣ የአሠራር ዝርዝሩን መከተል፣ ቶሎ ለማረፍ መወሰን ይመጣል። ከመነሣት በፊት ደግሞ የትኛው አደገኛ ዕቃ በየትኛው ቦታ እንደተጫነ ለአውሮፕላኑ አዛዥ በጽሑፍ የሚሰጠውን ማሳወቂያ አንብቦ መረዳት የሥራው አካል ነው። የቀዘቀዘ ዕቃ ለማቆየት የሚያገለግለው ደረቅ በረዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለወጥ ከሕይወት ካላቸው እንስሳት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አይጫንም፤ የቁም ከብት በሚላክበት አገር ይህ ሊጠየቅ የሚችል ነገር ነው።

የአገራችን አቀማመጥም የራሱ ጥያቄ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። ቀኑ ሲሞቅ ችግሩ ይብሳል። ከ100 ቶን በላይ መጫን የሚችል 777 የጭነት አውሮፕላን ለረጅም ጉዞ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሞልቶ ከዚህ ከፍታ ሲነሣ ወይ ጭነት፣ ወይ ነዳጅ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ይህን በራሱ አንደበት ማስረዳት የሚችል አመልካች የፊዚክስ ትምህርቱን ከአገሩ መልክዓ ምድር ጋር አገናኝቷል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከአካባቢው የሚነሣ አንድ ጥያቄ መመለስ ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት በአውሮፕላን ይጓጓዛል ወይ? በቆሎ፣ የምግብ ዘይትና በርበሬ ክብደታቸው ብዙ፣ የኪሎ ዋጋቸው ደግሞ የአየር ማጓጓዣን የማይሸፍን ስለሆነ በመኪና ይሄዳሉ። በአየር የሚሄደው ቶሎ የሚበላሽና ዋጋ የሚያወጣ ነገር ነው፦ አበባ፣ ሥጋ፣ መድኃኒት፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ። ጠያቂው ስለ ድርጅቱ ሥራ ሲጠይቅ «የአካባቢዬን በርበሬ ለዓለም አደርሳለሁ» ብሎ መመለስ ስሜት ቢኖረውም ገበያውን አለማወቅን ያሳያል።

በታላቅ ፊት መናገር

ከሁሉም የከበደው ፈተና ይህ ይመስለናል። በአካባቢው ባህል ታናሽ በታላቅ ፊት ዝም ይላል፤ ታላቅ ሲሳሳት እንኳ በአደባባይ አይታረምም። ይህ ባህል ቤተሰብንና ሽምግልናን ጠብቆ ያቆየ የከበረ ባህል ነው፤ በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ግን ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1999 ከለንደን ስታንስቴድ በሌሊት የተነሣ የኮሪያ ጭነት አውሮፕላን የካፒቴኑ የአቋም ማሳያ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ሲሄድ የበረራ መሐንዲሱ ደጋግሞ አሳሰበ፤ ትክክለኛ መሣሪያ ከፊቱ የነበረው ረዳት አብራሪ ግን አልተናገረም። አውሮፕላኑ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወድቆ አራቱም ሞቱ።

ስለዚህ «ካፒቴኑ ሲሳሳት ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። ሁለት መልሶች አያዋጡም። «አከብረዋለሁ፣ ልምዱ ይበልጣል» የሚለው አንዱ ነው፤ «ወዲያውኑ መሪውን እቀማዋለሁ» የሚለው ሌላው። የሚፈለገው አክብሮት ሳይጓደል በደረጃ እየጠነከረ የሚሄድ ንግግር ነው። በመጀመሪያ ያየውን ይናገራል፦ «ካፒቴን፣ ፍጥነታችን ከተወሰነው በታች ነው።» መልስ ካላገኘ ሐሳብ ያቀርባል፦ «ዞረን ብንመለስ ይሻላል።» አሁንም ካልተሰማ ስጋቱን በግልጽ ይናገራል፤ የአውሮፕላኑ ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ በድርጅቱ መመሪያ መሠረት ቁጥጥሩን ይረከባል። በደመና ውስጥ ሲወረድ በ1,000 ጫማ፣ ጥሩ ዕይታ ባለበት በ500 ጫማ ከፍታ ላይ አውሮፕላኑ ካልተረጋጋ ማረፉን ትቶ መዞር በብዙ አየር መንገዶች የተለመደ መመሪያ መሆኑን መጥቀስም መልሱን መሠረት ያስይዘዋል።

ይህን ከራስ ሕይወት በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በደቦ ሥራ ላይ አባቱ ወይም ጎረቤቱ ሊደርስበት የነበረውን አደጋ አይቶ በአክብሮት ያስጠነቀቀ፣ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የመምህሩን የስሌት ስሕተት በጨዋነት ያሳየ ወጣት ታሪኩ ከማንኛውም የተሸመደደ መልስ ይበልጣል። ገጠሬነቱን ለመደበቅ የሚሞክር አመልካች እጅግ ጥሩ የሆኑ ምሳሌዎቹን ይደብቃል። ሴት አመልካቾችም ይህን ጥያቄ በተለየ ስጋት እንዳያዩት ይመከራል፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ደግሞ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን የባንኮክ በረራ መርተዋል።

ስለ ድካም የሚነሣ ጥያቄም አለ። የጭነት በረራ በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ «እንቅልፍ አያሸንፈኝም» ማለት ጥንካሬ መስሎ ቢታይም ጠያቂውን ያስጨንቀዋል። ድካሙን ለይቶ የሚያውቅና ለበረራ ብቁ አለመሆኑን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ሰው ይመረጣል።

ገንዘብ፣ ደላላና ውል

«ስምህን አስገባልሃለሁ»፣ «ጥያቄውን አመጣልሃለሁ» በሚል ከቤተሰብ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች መኖራቸውን ተገልጋዮች ሊያውቁ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአገር ውስጥ ሠራተኛና አሠሪን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ሕጋዊ ኤጀንሲ የማይቀበለውን ገንዘብ ደላላ ሲጠይቅ ለማን እንደሚከፈል መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሠልጣኝነት ውል ከመፈረሙ በፊትም ተረጋግቶ ማንበብ ተገቢ ነው። በድርጅት ወጪ የሚሠለጥን ሰው የአገልግሎት ግዴታ ሊኖርበት ይችላል፤ ከጊዜው በፊት ቢለቅ የሚመልሰው ገንዘብ፣ ሥልጠናውን በሕመም ወይም በውጤት ማነስ ቢያቋርጥ የሚሆነው፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ዋስ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም የአባት ወዳጅ ናቸውና እነርሱም አንብበው ወይም ተነቦላቸው ሊፈርሙ ይገባል።

ለቃለ መጠይቅ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ አመልካቾች የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ጠይቀው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ቢደርሱ መልካም ነው፤ ከሌሊት ጉዞ ወርዶ በቀጥታ ወደ መጠይቅ መግባት መልስን ያደናግራል። ልብስ ንጹሕና ልክ የሆነ ይሁን፤ ሙሉ ሱፍ ለመግዛት ብሎ መበደር አያስፈልግም። ዋናውን ሰነድና ፎቶ ኮፒውን በተለያየ ቦታ መያዝ ይመከራል።

በውድድሩ ያልተሳካላቸው አመልካቾች በቀጣዩ ማስታወቂያ ዳግም ለመወዳደር የዕድሜ ጣሪያው የሚፈቅድላቸው መሆኑን ማስላት ይኖርባቸዋል። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ከአብራሪነት ሌላ በአውሮፕላን ጥገና፣ በበረራ መስተንግዶና በሽያጭ ሙያዎችም ያሠለጥናል፤ የጭነቱ ዘርፍ ደግሞ የጭነት ሚዛን የሚያሰሉ፣ አደገኛ ዕቃ የሚፈትሹና በረራ የሚያቅዱ ባለሙያዎችን ይፈልጋል። ክብደትና ሚዛንን፣ የአደገኛ ዕቃ ምድቦችንና የአቪዬሽን እንግሊዝኛን ለአብራሪነት ብሎ ያጠና ሰው ለእነዚህ የሥራ መደቦች ሲያመለክት ዝግጅቱን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ የሰነድ ማስተካከያውና የዓይን ምርመራውም እንዲሁ ያገለግሉታል።